የጠገበች ነፍስ

“ቃሉን ማንበብ አያጓጓኝም፤ ምን ላድርግ?” ብዙ ሰው ይህን የሚጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ጠያቂው ብዙ ጊዜ እግዚአብሔርን ከልቡ የሚወድ ሰው ነው። ይጸልያል፣ ከጉባኤ አይቀርም፣ ያገለግላል። መጽሐፍ ቅዱሱን ሲከፍት ግን አንድ ምዕራፍ ሳይጨርስ ዓይኑ ይፈዛል፣ ሐሳቡ ይበተናል። ከዚያ መጽሐፉን ዘግቶ ራሱን ይወቅሳል። የሚያገኘው መልስ ደግሞ የታወቀ ነው፦ በርታ፣ ፕሮግራም አውጣ፣ ማለዳ ተነሣ። ክፉ ምክር አይደለም። ግን ሰው ስለታዘዘ ብቻ አይራብም።

በመጽሐፈ ምሳሌ 27፥7 ላይ እንዲህ ይላል፦ “የጠገበች ነፍስ የማር ወለላ ትረግጣለች፤ ለተራበች ነፍስ ግን የመረረ ነገር ሁሉ ይጣፍጣታል።” እኔን ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ የመጀመሪያው ግማሽ ነው። ማሩ አልተበላሸም። ነፍሲቱም ታመመች አልተባለም። ጠግባለች፣ በቃ። ስለዚህ ያን ጠያቂ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በምን ጠግበህ ነው?

ሥጋ ካልበላ ይራባል። የቃሉ ረሃብ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሰው ባላነበበ ቁጥር ፍላጎቱ እየሞተ ይሄዳል። ትናንት ያነበበ ሰው ዛሬ ይናፍቀዋል። ወራት ያለፉት ሰው ግን ምንም የጎደለው አይመስለውም። የሚያስፈራው ይህ ነው። ሆድ ባዶ ሲሆን ይጮኻል፤ ነፍስ ግን ባዶ ሆና ዝም ልትል ትችላለች። እንዲያውም ደህና ነኝ ብላ ልትዘምር ትችላለች።

ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ አሁን እንደ ተወለዱ ሕፃናት የቃልን ወተት “ተመኙ” ይለናል። ትእዛዝ ነው። ምኞት ግን እንዴት ይታዘዛል? “ብላ” የተባለ ሰው ይበላል፤ “ይራብህ” የተባለ ምን ያድርግ? መልሱ ከጥቅሱ በፊትና በኋላ ተቀምጧል። በፊት ያለው ቁጥር የምናስወግደውን ይዘረዝራል፦ ክፋት፣ ተንኰል፣ ግብዝነት፣ ቅንዓት፣ ሐሜት። በኋላ ያለው ደግሞ የጌታን ቸርነት ስለ መቅመስ ይናገራል። አስወግዱ፣ ቅመሱ። ምኞቱ የሚወለደው በሁለቱ መካከል ነው።

ሐሜት እዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ቸል ብለን እንዳናልፈው። የሰው ገመና ሲያጣጥም ያመሸ አፍ በማግስቱ ኢሳይያስ አይጣፍጠውም። ይህን ተሞክሮ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቅንዓትም እንዲሁ ነው። የሌላውን ሰው ኑሮ በዓይኑ ሲመዝን የዋለ ሰው “እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም” የሚለውን ሲያነብ ቃላቱ ዓይኑ ላይ ያልፋሉ እንጂ ወደ ውስጥ አይገቡም። ብዙ ጊዜ የንባብ ችግር ነው ብለን የምናስበው ነገር ከንባቡ በፊት በነበሩት ሰዓታት የተሠራ ነው።

ሌላም ጥጋብ አለ። ይህኛው መንፈሳዊ ስለሚመስል የበለጠ ያሳስበኛል። ስለ ቃሉ በሚነገር ነገር መጥገብ ማለቴ ነው። ጠዋት ስልክ ሲከፈት በሚያምር ምስል ላይ የተጻፈ ጥቅስ ይመጣል። ቴሌግራም ላይ የአንድ ደቂቃ ስብከት አለ። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ሌላ። ሁሉም ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። አብዛኛውም መልካም ነው። ግን ከምግብ በፊት ቁርስራሽ ሲቃርም የቆየ ሕፃን ማዕዱ ሲቀርብ ፊቱን እንደሚያዞር ሁሉ፣ እኛም ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ያኘከውን ስንቀማምስ ውለን መጽሐፉ ፊት ስንቀርብ ቦታ የለንም። ጥቅሱን እናውቀዋለን። ከየት እንደ ተወሰደ፣ ማን ለማን እንደ ተናገረው፣ ቀጥሎ ምን እንደሚል ግን አናውቅም። ማወቅም አያምረንም፤ ያወቅነው ይመስለናላ።

በ2ኛ ነገሥት 22 ላይ ያለው ታሪክ ለዚህ ይመጣል። ኢዮስያስ በ8 ዓመቱ ነገሠ። በነገሠ በ18ኛው ዓመት ቤተ መቅደሱ ይታደስ ጀመር። ያኔ ሊቀ ካህናቱ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ አገኘ። የት? በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ! ቤቱ ቆሟል፣ ካህናት አሉ፣ በር ጠባቂዎች የሕዝቡን ገንዘብ ይሰበስባሉ። የጠፋው መጽሐፉ ብቻ ነው። መጥፋቱንም የጠየቀ ሰው አናይም። ጸሓፊው ሳፋን ወደ ንጉሡ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያቀርበው ሪፖርት ስለ ገንዘቡና ስለ ሠራተኞቹ ነው። ከዚያ በኋላ ነው “ካህኑ ኬልቅያስ መጽሐፍ ሰጠኝ” የሚለው። ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሆነ እንኳ አይናገርም። ንጉሡ ግን ሲነበብለት ልብሱን ቀደደ። አገልግሎቱ ሁሉ ሳይቋረጥ መጽሐፉ ብቻ ሊጠፋ እንደሚችል ይህ ታሪክ ያሳየናል። እኛም አገልጋዮች ስንሆን፣ ፕሮግራም ስንመራ፣ መዝሙር ስናጠና፣ ይህ ሊገጥመን ይችላል።

እሺ፣ መቅመስ እንዴት ነው? እዚህ ላይ ምክር ከመደርደር አንድ ቦታ አብረን ብናነብ ይሻላል። የማርቆስን ወንጌል እንውሰድ። 16 ምዕራፍ ነው። ሳይቸኩሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢያነቡት አንድ ረዘም ያለ ፊልም ከሚወስደው ጊዜ ብዙም አይበልጥም። ከምዕራፍ 6 እስከ 8 ያለውን ብቻ በአንድ ቁጭታ ብናነብ ደግሞ እንጀራ የሚለው ቃል ደጋግሞ ይመጣብናል።

ምዕራፍ 6 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ከአገልግሎት ተመልሰዋል። የሚመጣና የሚሄደው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ “ለመብላት እንኳ ጊዜ አጡ” ይላል። ጌታ ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ይነግራቸዋል። ሕዝቡ ግን በእግሩ ሮጦ ቀድሟቸው ይደርሳል። ጌታም ከታንኳው ሲወጣ አያቸውና፣ እረኛ እንደሌላቸው በጎች ስለ ነበሩ ያዝንላቸዋል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። እረኛ የሌላቸውን በጎች ሲያይ መጀመሪያ ያደረገው ምንድን ነው? “ብዙም ነገር ያስተምራቸው ጀመር።” እንጀራው የመጣው በኋላ ነው፣ ቀኑ ከመሸ በኋላ። የእረኛው የመጀመሪያ ርኅራኄ ትምህርት ነበረ። ይህን ቦታ ስንት ጊዜ አንብቤ ይህን ሳላይ እንዳለፍሁ አላውቅም፤ ያየሁት ቀን ግን ቀጣዩን ገጽ ለመገልበጥ አልቸኮልሁም።

ከዚያ ሕዝቡን “በለመለመ ሣር ላይ” እንዲያስቀምጧቸው አዘዘ። ማርቆስ ቁጥብ ጸሓፊ ነው፤ ስለ ሣር መልክ ሲጽፍ ብዙም አናገኘውም። መዝሙር 23 የሚወድ ሰው ግን “በለመለመ መስክ ያሳድረኛል” የሚለው ትዝ ይለዋል። እረኛ፣ በጎች፣ የለመለመ ሣር፣ የተዘጋጀ ማዕድ። ማርቆስ መዝሙሩን አልጠቀሰም። አንባቢው ራሱ እንዲያገኘው የተወው ይመስላል። እንዲህ ያለው ግኝት ነው ረሃብ የሚፈጥረው። ሌላ ሰው ሲነግረን “ጥሩ ነው” እንላለን። ራሳችን ስናገኘው ግን “ሌላስ ምን አለ?” እንላለን።

አለ። ምዕራፍ 8 ላይ 4 ሺህ ሰው በ7 እንጀራ ይጠግባል። ወዲያው ደቀ መዛሙርቱ ታንኳ ላይ ወጥተው እንጀራ መያዝ እንደ ረሱ ይነጋገራሉ። ከአንድ እንጀራ በቀር አልነበራቸውም። ጌታም ይጠይቃቸዋል፦ አምስቱን እንጀራ ለአምስት ሺህ ስቈርስ ቍርስራሹ የሞላ ስንት መሶብ አነሣችሁ? “አሥራ ሁለት” አሉት። ሰባቱንስ ለአራት ሺህ ስቈርስ? “ሰባት” አሉት። ሁለቱንም በትክክል መለሱ። ፈተና ቢሆን ሙሉ ነጥብ ነበር። እርሱ ግን “ገና አላስተዋላችሁምን?” አላቸው።

ይህ ጥያቄ እኛን ይነካናል፤ ብዙዎቻችን ቁጥሩን እናውቃለንና። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግን ልጆች 12 መሶብና 7 ቅርጫት በቃላችን እንይዛለን። እንጀራውን የቈረሰው ጌታ እዚያው ታንኳ ውስጥ አብሯቸው ተቀምጦ ሳለ ስለ እንጀራ ማጣት መጨነቃቸው ግን የእኛም የዕለት ኑሮ ነው። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ተመልከቱ። ማርቆስ ወዲያው በቤተ ሳይዳ ስለነበረው ዕውር ይነግረናል። ጌታ ዳሰሰውና “ምን ታያለህ?” አለው። ሰውየው ሰዎችን እንደ ዛፍ ሲመላለሱ እንደሚያይ ተናገረ። ማየት ጀምሯል፤ ግን ገና አጥርቶ አላየም። ጌታም እንደገና እጁን ጫነበት፤ ያኔ ሁሉን አጥርቶ አየ። በማርቆስ ወንጌል ውስጥ በሁለት ደረጃ የተፈጸመ ፈውስ ይህ ብቻ ነው። የተቀመጠውም “ገና አላስተዋላችሁምን?” ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ቃሉን አንብቦ ግማሹ ብዥ ያለበት ሰው ሁለተኛ መዳሰስ አለለት። ጌታ “እንዴት በአንዴ አላየህም?” ብሎ አልተቆጣውም።

ስለ ጣዕም ይህን ያህል ካወራን ስለ ምሬትም ልናገር። የቃሉ ረሃብ ማለት ሁልጊዜ ደስ የሚል ስሜት ማለት አይደለም። ሕዝቅኤል የተሰጠውን ጥቅልል ሲበላ በአፉ እንደ ማር ጣፈጠው፤ በላዩ ተጽፎ የነበረው ግን ልቅሶና ኀዘን፣ ዋይታም ነበረ። በራእይ 10 ዮሐንስ የበላት ታናሽ መጽሐፍ በአፉ ጣፈጠች፣ በሆዱ ግን መረረች። ኢዮስያስም ቃሉን ሰምቶ ልብሱን ነው የቀደደው። ሰው “ቃሉ ዛሬ አላጽናናኝም” ብሎ ከንባብ ቢርቅ፣ የሚርበው ማጽናኛ እንጂ ቃሉ አልነበረም ማለት ነው። ማጽናናት አንዱ ሥራው ነው። ማቁሰልም አለበት። የምንወደውን ብቻ እየመረጥን ስናነብ የሚያድገው የራሳችን ምርጫ ነው።

ድርቀትም አለ። በዘኍልቍ 11 እስራኤል ስለ መና ሲያጉረመርሙ እናያለን። ዓይናችን ከዚህ መና በቀር ምንም አያይም ይላሉ። የሚያሳዝነው፣ መናው በዚያም ማለዳ እንደ ወትሮው ወርዷል። ከሰማይ የመጣ ነገር ራሱ ሲለመድ ሊሰለች ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስሜት እስኪመጣ መጠበቅን አልመክርም። እኔ ደረቅ በሆንሁባቸው ወቅቶች የረዳኝ የንባቡን መጠን ማሳነስና ድምፄን ከፍ አድርጎ ማንበብ ነው። በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ የሰማው ጮክ ብሎ ያነብ ስለ ነበር ነው። ጆሮ ዓይን የዘለለውን ይይዛል። ጃንደረባው ደግሞ የሚያነበው አልገባውም ነበር፤ እንዳልገባውም ሳያፍር ተናገረ። “የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?” አለ። ሳይገባው ማንበቡን አላቆመም። ፊልጶስም ያገኘው እያነበበ ነው።

የጥንቷን ቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስን እዚህ ላይ አስታውሰዋለሁ። ወጣት ሳለ በላቲን የንግግር ጥበብ ተማርኮ ነበር። ያኔ መጽሐፍ ቅዱስን ሲከፍት ከሮማዊው የንግግር ሊቅ ከሲሴሮ ጽሑፍ ጋር አወዳድሮ ዝቅ ያለ ሆኖ አገኘው፣ ተወውም። በ386 እ.ኤ.አ. በሚላን በአንድ አትክልት ስፍራ “አንሥተህ አንብብ” የሚል የልጅ ድምፅ ሰማ። የጳውሎስን መልእክት ገልጦ ሮሜ 13ን አነበበ፣ ሕይወቱም ተለወጠ። ከዚያ በኋላ በሰሜን አፍሪካ በሂፖ ከተማ ጳጳስ ሆኖ ያንኑ የናቀውን መጽሐፍ ለዓመታት ሰበከ። መጽሐፉ ያው ነው። የተለወጠው አንባቢው ነው። ስለዚህ ዛሬ የማይጣፍጥ መጽሐፍ ነገም አይጣፍጥም ብሎ መደምደም አይቻልም።

ረሃቡን መለመንም ይቻላል። መዝሙር 119ን የጻፈው ሰው 176 ቁጥር ሙሉ ስለ ቃሉ ብቻ ይዘምራል። በዕብራይስጡ 22ቱን ፊደላት ተከትሎ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል 8 ቁጥር ሰጥቶ ነው የጻፈው። እንዲህ ያለ ሰው ረሃብ የማይጎድለው ይመስለናል። እርሱ ግን ቁጥር 36 ላይ “ልቤን ወደ ምስክርህ አዘንብል፥ ወደ ስስትም አይሁን” ይላል። ልቡ ወደ ሌላ እንደሚያዘነብል ያውቃል። በመጨረሻው ቁጥር ደግሞ “እንደ ጠፋ በግ ተቅበዘበዝሁ” ብሎ ባሪያህን ፈልገው ይላል። ቃሉን የሚወድ ሰው ራሱን አሸናፊ አድርጎ አያቀርብም። ይለምናል። ይህ ጸሎት ለእኛም ይሆናል፣ መጽሐፉን ከመክፈታችን በፊት፣ በአጭሩ።

ረሃቡ ሲያድግ ምን እንደሚመስል ለማየት ጳውሎስን ማየት ይበቃል። በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት እስረኛ ነው። የመሄጃዬ ጊዜ ደርሷል ብሎ ጽፏል። ከሰው ብዙዎቹ ትተውታል። ጢሞቴዎስን ከክረምት በፊት እንዲመጣ ይለምነዋል። ከዚያ በጢሮአዳ ከአክርጳ ዘንድ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለት ይነግረዋል፤ ይበርደዋል ማለት ነው። ግን አያበቃም። መጻሕፍቱንም፣ “ይልቁንም በብራና የተጻፉትን” ይላል። ሞት ደጁ ላይ ቆሞ ሳለ የሚያነበው ነገር ይፈልጋል። ከ14 መቶ ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ እንግሊዛዊው ዊልያም ቲንደል አዲስ ኪዳንን ከግሪኩ ወደ እንግሊዝኛ በመተርጎሙና በትምህርቱ ተይዞ ብራስልስ አጠገብ በቪልቮርድ ግንብ ታሰረ። በ1535 እ.ኤ.አ. ክረምት ከእስር ቤት የጻፈው ደብዳቤ ዛሬም አለ። የሚሞቅ ቆብ ይጠይቃል፣ ራሱን ስለሚበርደው። የሚሞቅ ካፖርት ይጠይቃል። ማታ በጨለማ ብቻውን ስለሚቀመጥ መብራት ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ግን የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱሱን፣ የሰዋስው መጽሐፉንና መዝገበ ቃላቱን እንዲፈቅዱለት ይማጸናል። በሚቀጥለው ዓመት ተገደለ። ይህ ሰው መጽሐፉን ተርጉሞታል፤ ብዙውን በቃሉ ሳያውቀው አይቀርም። ግን በቃኝ አላለም።

እነዚህን ሰዎች ሳስብ “እኔ እዚህ አልደርስም” የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ከዚያ ግን ነህምያ 8 ትዝ ይለኛል፤ እዚያ ያለው ተራ ሕዝብ ነውና። ወንዱም ሴቱም፣ የሚያስተውለውም ሁሉ በውኃው በር ፊት ባለው አደባባይ ተሰበሰቡ። ዕዝራን መጽሐፉን እንዲያመጣ የጠየቁት እነርሱ ናቸው። ከማለዳ እስከ ቀትር ተነበበላቸው። ሌዋውያኑ ትርጉሙን አስረዷቸው። አለቀሱ፤ ከዚያም አትዘኑ ተባሉ፣ ሄደው በሉ፣ ጠጡ፣ ለሌለውም ዕድል ፈንታ ላኩ። የገባቸውም ስለ ነበር ደስ አላቸው።

እኔን የሚማርከኝ ግን ቁጥር 13 ነው። በሁለተኛው ቀን የአባቶች ቤቶች አለቆች፣ ካህናቱና ሌዋውያኑ የሕጉን ቃል ለማስተዋል እንደገና ወደ ዕዝራ መጡ። ትናንት ግማሽ ቀን ሰምተዋል፣ አልቅሰዋል፣ ደስ ብሏቸዋል። ዛሬ ሲመለሱ ትናንት ያላዩትን አገኙ፦ በሰባተኛው ወር በዓል በዳስ እንዲቀመጡ የሚለውን። አገኙትና ወጥተው ቅርንጫፍ አምጥተው ዳስ ሠሩ፤ በየቤታቸው ሰገነት ላይ፣ በየግቢያቸው፣ በአደባባዩ። ያነበቡትን አደረጉት። ከኢያሱ ዘመን ጀምሮ እንዲህ ተደርጎ አያውቅም ነበር ይላል። በበዓሉም ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ዕለት ዕለት የሕጉ መጽሐፍ ይነበብ ነበር።

ያን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቀውን ሰው የምለው ይህን ነው። ዛሬ ማታ ስልኩን ሌላ ክፍል ተወው። ማርቆስን ከምዕራፍ 6 እስከ 8 ድምፅህን አውጥተህ አንብብ። ያልገባህን ቦታ ምልክት አድርግበት፤ የምትጠይቀው አንድ ሰው ፈልግ። ከገባህ ነገር ደግሞ አንዱን፣ ትንሽም ቢሆን፣ ነገ አድርገው። ከዚያ በማግስቱ ያንኑ ሦስት ምዕራፍ እንደገና አንብብ፤ ሌላ አዲስ ቦታ አትሂድ። ሁለተኛው ቀን ላይ የምታገኘውን እኔ አሁን ልነግርህ አልችልም።